ጅራቱ ላይ የትኛው ባንዲራ ይቀባ?

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ፓርቲዎች መሰነጣጠቅ ስጽፍ የቆየሁ ሰው፣ ዛሬ አንድ ስንዝር ስለማትሞላ የፕላስቲክ አውሮፕላን ልጽፍ መነሣቴ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሊያሰኝብኝ ይችላል። ነገር ግን ይህች ትንሽ ነገር ላለፉት ሦስት ሳምንታት ግራጫዋን እንደ ለበሰች ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣ፣ ከየትኛውም የፖለቲካ ክርክር ይልቅ እንቅልፍ ነሥታኛለች። ክፍሎቿ ተጣብቀው አልቀዋል፤ መጋጠሚያዎቿ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቀው ለስልሰዋል፤ የቀረው ቅቡ ብቻ ነበር። ለካስ ከባዱ ሥራ ቅቡ ኖሯል!

ነገሩ እንዲህ ነው። በምኖርበት በሜሪላንድ፣ ልጆቻችን በየቅዳሜው ፊደል የሚቆጥሩበት አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት አለ። አስተማሪዎቹ ስለ አገራችን የአቪዬሽን ታሪክ ለልጆቹ የሚያሳዩት ነገር ሲያፈላልጉ፣ የአውሮፕላን አምሳያ መሥራት የቆየ አመሌ መሆኑን ሰምተው ኖሮ፣ «የኢትዮጵያ መንግሥት የመጀመሪያ አውሮፕላን የሆነውን ይሥሩልን» አሉኝ። እኔም ደስ እያለኝ እሺ አልኩ። እሺ ስል ግን ሦስት ጥያቄዎች እየተከታተሉ እንደሚመጡብኝ አላሰብኩም ነበር፤ ቀለሙ ምን ይሁን? ጅራቱ ላይ የትኛው ባንዲራ ይቀባ? አዲስ መስሎ ይታይ ወይስ ያገለገለ? እነዚህን ጥያቄዎች ስመልስ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

አውሮፕላኑና ዘመኑ

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1929) ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ አንዲት ፖቴዝ 25 የተባለች አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ አሳረፈ። ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ነሐሴ 30 ቀን፣ ከጀርመን የተገዛው ዩንከርስ ደረሰ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ልደቱን የሚቆጥረው ከእነዚህ ቀናት ነው።

ፖቴዝ 25 በሄንሪ ፖቴዝ ፋብሪካ የተሠራች፣ አንድ አብራሪና አንድ ተመልካች የምትይዝ፣ ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ የቅኝት አውሮፕላን ናት። የታችኛው ክንፏ ከላይኛው ያጥራል። የላይኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14.14 ሜትር ሲሆን ርዝመቷ 9 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ነው። እኔ የሠራኋት ከእውነተኛዋ 72 ጊዜ ያነሰች ስለሆነች፣ ክንፏ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቷ ከ13 ሳንቲ ሜትር በታች ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ብዙዎቻችን ይህችን አውሮፕላን «የጃንሆይ አውሮፕላን» እንላታለን። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ግን ዙፋኑ ላይ የነበሩት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ነበሩ። ተፈሪ መኰንን መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው ዘውድ ቢጭኑም ገና ንጉሠ ነገሥት አልሆኑም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ነገሩ ከወዲሁ ግልጽ ነው። ቀለም ከመንካቴ በፊት «የትኛው ቀን?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አምሳያ የሚሠራ ሰው አውሮፕላንን ብቻ አይሠራም፤ አንድን ቀንም ይሠራል።

የግራጫው ወጥመድ

ስለ ቀለሙ መጀመሪያ የሄድኩት እንደ ማንኛውም ሰው ወደ ፎቶግራፍ ነው። የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነው። «ብሩህ ከሆነ ነጭ ወይም ብርማ ነው፤ ጠቆር ካለ አረንጓዴ ወይም ቀይ ነው» ብሎ መገመት ቀላል ይመስላል። እንዲህ የሚገምት ግን ይሳሳታል።

በዚያ ዘመን በብዛት ይሠራበት ከነበረው ፊልም አንደኛው ዓይነት ለቀይ ብርሃን እውር ነበር። በዚህ ፊልም ሲነሣ ቀይ ቀለም ጥቁር፣ ሰማያዊ ደግሞ ነጣ ያለ መስሎ ይወጣል። ሌላው፣ ሁሉንም ቀለማት የሚያየው ፊልም፣ አረንጓዴውንና ቀዩን አንድ ዓይነት ግራጫ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። እንግዲህ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሆነ ሰንደቅ በአንደኛው ፊልም አንድ ነገር፣ በሌላው ፊልም ሌላ ነገር ይመስላል ማለት ነው። ፎቶግራፉ አልዋሸም፤ ስለ ቀለም ግን ምስክር ሊሆን አይችልም። ስለ ቅርጽ ጠይቁት፣ ይነግራችኋል፤ ስለ ቀለም ስትጠይቁት የሚመልስላችሁ የራሳችሁን ምኞት ነው።

ይህን ሳስብ ስንቱን የታሪክ ክርክራችንን በዚህ ዓይን እንዳየሁት ልነግራችሁ አልችልም። ከግራጫ ሰነድ ተነሥተን፣ ደማቅ ቀለም ቀብተን፣ ቀለሙን ከሰነዱ አገኘነው የምንል ስንት ነን?

ወደ ሥራዬ ልመለስ። በአካባቢያችን የሚኖሩ አንድ የቀድሞ አየር ኃይል ባልደረባ አሉ፤ በደብረ ዘይት ለብዙ ዓመታት የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ሆነው ያገለገሉ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አምሳያዋን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላብጠው አዩዋትና፣ «ልጄ፣ አውሮፕላን ለውበት ብቻ አይቀባም። መጀመሪያ ምን እንደለበሰች ጠይቅ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የዚያ ዘመን አውሮፕላን አብዛኛው አካሉ እንጨትና ሸራ ነበር። ሸራው በክንፉ አጥንት ላይ ከተወጠረ በኋላ ልዩ ላከር ደጋግሞ ይቀባል። ላከሩ ሲደርቅ ሸራውን እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጥረዋል፤ አየርና ዝናብም እንዳያስገባ ይደፍነዋል። ነገር ግን የፀሐይ ጨረር ሸራውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ለዚህ መድኃኒቱ በላይኛው ቅብ ውስጥ የአልሙኒየም ዱቄት መቀላቀል ነበር። ያ ብርማ መልክ ጨረሩን ወደ መጣበት ይመልሳል። ስለዚህ ብርማው ቀለም ጌጥ ሳይሆን ጋሻ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው በአዲስ አበባ፣ ፀሐይዋ እንዴት እንደምታቃጥል ለምታውቁ፣ ለዚያ ሰማይ ከዚህ የተሻለ ልብስ የለም።

ስለዚህ ብርማ እንዲሆን ወሰንኩ። ብርማም ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የተወለወለ ብረት የሚመስለውን ለማግኘት ከሥር አንጸባራቂ ጥቁር ይቀባና በላዩ አልሙኒየሙ ይነፋል። ይህ ለኋላኞቹ ሙሉ ብረት ለባሽ አውሮፕላኖች፣ ለምሳሌ እናቶቻችን ዳኮታ ይሏት ለነበረችው ለዲሲ 3፣ ተገቢ ነው። ለሸራ ግን ውሸት ይሆናል። የሸራ ብርማ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ያበራል እንጂ መስተዋት አይሆንም። በዚያ ላይ አምሳያው ትንሽ በመሆኑ፣ የእውነተኛው ያህል ቢያንጸባርቅ ዓይን አሻንጉሊት ብሎ ይፈርደዋል። ትልቅን ነገር ከሩቅ ስናየው በመካከላችን ያለው አየር ድምቀቱን ይቀንሰዋልና። ስለዚህ ከሥር ፈዛዛ ግራጫ፣ በላዩ ስስ አልሙኒየም፣ በመጨረሻም ከፊል አንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀባሁ። ሦስት ቀን ፈጀ። ጥሩም ሆነ።

የባንዲራው ጦርነት

ከዚህ በኋላ ጅራቱ መጣ። በዚያ ዘመን የብዙ አገሮች አየር ኃይሎች የጅራቱን መሪ ክንፍ በብሔራዊ ቀለማቸው መቀባት ልማዳቸው ነበር፤ ፈረንሳዮቹ ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ ያደርጉ ነበር። እኔም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ላደርግ አስቤ፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ሊጠጡ ለመጡ ሦስት ወዳጆቼ ነገሩን አነሣሁ። ባላነሣው ይሻለኝ ነበር።

አንደኛው «አንበሳ የሌለበት ባንዲራ በዚያ ዘመን አይታሰብም» አለ። ሁለተኛው «ልሙጡን ቅባ፤ የሕዝቡ እሱ ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ልጆቹ የሚያዩት በሕግ የጸደቀውን መሆን አለበት፤ ኮከቡን አስቀምጥ» አለ። እኔ በመካከል ሆኜ «ወዳጆቼ፣ ይህች አውሮፕላን የ1921 ዓ.ም. ናት» ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ክርክሩ ከአውሮፕላኗ ጅራት ተነሥቶ ወደ ደርግ፣ ከደርግ ወደ ኢሕአዴግ፣ ከዚያም ወደየወላጆቻችን ደረሰ። አንዱ ወዳጄ ሁለተኛውን ስኒ ሳይጨርስ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ አልደወለልኝም።

እስኪ የሆነውን በቅደም ተከተል እንየው። በንጉሡ ዘመን በባንዲራው መካከል ዘውድ የደፋ የይሁዳ አንበሳ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የአንበሳውን ዘውድ አወለቀ፤ ብዙም ሳይቆይ አንበሳው ራሱ ተነሣ። በ1980 ዓ.ም. የኢሕዲሪ አርማ መጣ። በ1983 ዓ.ም. ያም ወርዶ ልሙጡ ተመለሰ። በ1988 ዓ.ም. ሰማያዊ ክብና ኮከብ በአዋጅ ገባ። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ሁሉ ቀየርን። እያንዳንዱ መንግሥት ሥልጣን በያዘ ማግሥት መጀመሪያ የሚያነሣው ብርጭቆ ወረቀትና ብሩሽ ነው። የቀድሞውን ይፍቃል፤ የራሱን ይቀባል፤ ሲያልቅ «ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነበር» ይለናል። እኛም እየተቆጣን ያንኑ እንደግማለን። ልዩነታችን የምንፍቀው ቀለም ብቻ ነው።

የእኔ ውሳኔ ይህ ሆነ። ሦስቱን ቀለማት ብቻ ቀባሁ። ልሙጡ ይበልጣል ብዬ አይደለም። ኮከቡና የኢሕዲሪ አርማ በዚያ ቀን አልነበሩም፤ ስለዚህ አይገቡም። አንበሳው በዘመኑ የመንግሥት ምልክት ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሳንቲ ሜትር በማትሞላ ጅራት ላይ አንበሳ ለመሣል ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ አይጥ ሆኖብኛል። የይሁዳን አንበሳ አይጥ ከማድረግ መተው ይሻላል ብዬ ተውኩት። የሚቀየመኝ ካለ ምክንያቴ ይህ ብቻ መሆኑን ይወቅልኝ።

የዘይቱ ጠብታ

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ከበደኝ። አምሳያ ሠሪዎች አውሮፕላናቸውን ሲጨርሱ ሁለት ምርጫ አላቸው። አንደኛው ከፋብሪካ እንደወጣች ንጹሕ አድርጎ መተው ነው። ሁለተኛው ያገለገለች እንድትመስል ማድረግ፤ ከጭስ ማውጫው ሥር ጥላሸት፣ ከሞተሩ ሆድ የዘይት ጠብታ፣ ጎማው ላይ ጭቃ ማኖር ነው። ትምህርት ቤቱ የፈለገው ንጹሑን እንደሆነ አውቃለሁ። የአገር ኩራት ናትና ታብራ!

እኔ ግን የበጌምድር ልጅ ነኝ። አያቴ በወጣትነታቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ ወታደሮች አንዱ ነበሩ።

ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የበጌምድር ገዥና የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል ነበሩ። በ1922 ዓ.ም. በንጉሥ ተፈሪ ላይ አምፀው ጦራቸውን ሲያንቀሳቅሱ፣ በጦር ሚኒስትሩ በደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ የሚመራ የመንግሥት ጦር ተላከባቸው። ከዚህ ጦር ጋር አውሮፕላንም መጣ። መጀመሪያ የጣለው ወረቀት ነበር፤ ራስ ጉግሣንና የሚከተሏቸውን የሚያወግዝ የቤተ ክርስቲያን ቃል የታተመበት ወረቀት። መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ ውጊያ ሲገጠም ደግሞ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ወደቁ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን፣ ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

ቀኖቹን ቁጠሩልኝ። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን አዲስ አበባ ካረፈች ስምንት ወር አልሞላትም ነበር። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐድዋን በአውሮፕላን ሲደበድብ በአገራችን ሰማይ ቦምብ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከአምስት ዓመት ተኩል በፊት በገዛ ወገናችን ላይ ጥለነዋል። ለልጆቻችን የመጀመሪያውን እንነግራቸዋለን፤ ሁለተኛውን እናልፈዋለን።

አያቴ ስለዚያ ቀን ብዙ አይናገሩም ነበር። ወረቀቱ ሲወርድ ነጭ እርግብ የመሰላቸው እንደነበሩ፣ ማንበብ የሚችል ቄስ ተፈልጎ ሲነበብ ግን ብዙ ሰው ጠመንጃውን መሬት አስደግፎ ዝም እንዳለ አንድ ጊዜ አጫውተውኛል። ከሞት ይልቅ ውግዘቱን እንደፈሩም ነግረውኛል። ስለ ቦምቡ ግን ምንም አላሉኝም። እኔ ልጅ ሳለሁ ዳኮታዋ ወደ ጎንደር ስትመጣ በቤታችን በላይ ታልፍ ነበር። እኛ ልጆቹ እየጮኽን ወደ ውጭ ስንሮጥ አያቴ ወደ ቤት ይገቡ ነበር። ድምፁ እስኪጠፋ ጓዳ ውስጥ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እኔ በልጅነት ልቤ እስቅባቸው ነበር። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

ንጉሥ ተፈሪ አገሪቱን ወደ አንድ ማዕከል ለማምጣት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸው ክብደት አለው። የወንድም ደም በወንድም እጅ ፈሰሰ የሚሉም አሉ፤ የእነሱም ክርክር ክብደት አለው። እኔ በአንድ የፕላስቲክ አውሮፕላን ላይ ይህን ክርክር ልፈታ አልችልም። የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለማጠብ።

ስለዚህ ጥቁርና ቡናማ ቀለም በብዙ ማቅጠኛ በጥብጬ፣ ከሞተሩ ሥር ወደ ኋላ የሚሄድ ቀጭን የዘይት መስመር አሳለፍኩ። ከጭስ ማውጫው ጎን ጥቂት ጥላሸት ነካሁ። ጎማዎቹ ላይ የአገራችንን ቀይ አፈር የሚመስል አቧራ አኖርኩ። አላበዛሁትም። የበዛ እንደሆነ እሱም ሌላ ዓይነት ጌጥ፣ ሌላ ዓይነት ስብከት ይሆናል። ከሩቅ ለሚያያት ብርማና ውብ ናት፤ ቀረብ ብሎ ለሚያያት መሥራቷ ይታወቃል።

ከመቀመጫዋ ሥር ያለው ጽሑፍ

በ1935 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሠራት «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በጣልያን ወረራ ዘመን ተወስዳ፣ ከስምንት አሥርት ዓመታት በላይ በባዕድ አገር ቆይታ፣ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ለኢትዮጵያ መመለሷን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያ ቀን ብዙዎቻችን አለቀስን። እውነተኛው ነገር ሲገኝ እንዲህ ነው፤ እንጨቱ ራሱ ይናገራል። የእኔዋ ግን አምሳያ ናት፤ ራሷ መናገር አትችልም። የሚናገርላት ያሻታል።

ስለዚህ በምትቆምበት እንጨት ላይ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ለጠፍኩ። ሁለት ቀኖች አሉባት፤ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «መጠኑ ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ቀለሙ የሠሪው ግምት ነው።» ውድ አንባቢያን፣ የታሪክ ጸሐፊዎቻችንም፣ ፖለቲከኞቻችንም፣ እኔንም ጨምሮ የዚህ ዓይነት ገጽ ባለቤቶችም፣ በምንጽፈው ሁሉ ሥር ይህችን አንዲት መስመር ብናኖር ኖሮ ስንት ወዳጅ ቡናውን ጨርሶ በወጣ ነበር!

ትምህርት ቤቱ ሁለተኛውን ቀን ይቀበለው እንደሆነ ገና አልነገሩኝም። «እንመካከርበት» ብለዋል። «አውጣው» ካሉኝ አውሮፕላኗን ወደ ቤቴ እመልሳታለሁ እንጂ ጽሑፉን አልፍቀውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለም አባቶቻችን? እጠብቃለሁ።

ከማስረከቤ በፊት አንድ ጊዜ ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ሆዷን ወደ ላይ ገልብጠው የዘይቱን መስመር በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። የሚለቅ መስሏቸው ጣታቸውን አዩት። ከዚያም ቀስ ብለው አስቀመጧትና «ይህችስ በርራለች» አሉኝ።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃኝ። ቸር ይግጠመን።